የቆየው ይሻላል ወይስ አዲሱ? ስለ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነገር በተነሣበት ጉባኤ ሁሉ ድምፅ ከፍ ይላል። አንዱ «አዲሶቹ ጥቅስ ቆርጠዋል» ይላል። ሌላው «የድሮው አማርኛ ለልጆቻችን አይገባም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከሰማንያ አሐዱ (ከ81ዱ መጻሕፍት) ውጭ ያለው ጎዶሎ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ከወንጌላውያንም ወገን ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ትርጉም ስላረጀ ብቻ አይከበርም፣ አዲስ ስለሆነ ብቻም አይጠረጠርም። ከየትኛው ጽሑፍ ተተረጎመ? እነማን ተረጎሙት? ለማን ተብሎ ተተረጎመ? እነዚህን ሦስቱን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው አብዛኛው ጭቅጭቅ ይቀልለታል።

አሁን በብዛት የምናነባቸው የአማርኛ ትርጉሞች የትኞቹ ናቸው?

በየቤቱ ያለውና ብዙ ሰው ጥቅስ በቃሉ የያዘበት የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ከዕብራይስጥና ከግሪክ ተተርጉሞ የወጣ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «አዲሱ መደበኛ ትርጉም» አለ፤ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ በሰፊው ተለምዷል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ቀለል ባለ አማርኛ፣ ቃል በቃል ከመሄድ ይልቅ ሐሳቡን ተከትሎ የተተረጎመውን አወጣ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያሳተመችው የ2000 ዓ.ም. ሰማንያ አሐዱ እትምም አለ። ሰዎች «የድሮው» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የ1954ቱን፣ «አዲሱ» ሲሉ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ማለታቸው ነው።

ከ1954ቱ በፊት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም?

ነበረ፤ ታሪኩም ከሚገባው በታች ነው የሚነገረው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ አባ አብርሃም በሚል ስምም ይታወቃሉ። በዚያው ከተማ የፈረንሳይ ቆንስላ ባልደረባ የነበረው አሴሊን ደ ሼርቪል መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ጠየቃቸው። አሴሊን ራሱ እንደ ተረከው፣ አሥር ዓመት ያህል በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለማንም ዘግቶ ከመነኩሴው ጋር ይቀመጥ ነበር። የዐረብኛውን ቅጂ ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብለው ያነቡታል። ዐረብኛው ሲከብድባቸው ዕብራይስጡን፣ ሱርስጡን፣ ሰብዓ ሊቃናት የሚባለውን የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም ያያሉ። በመጨረሻ በእጅ የተጻፈ 9,539 ገጽ ወጣ።

አቡ ሩሚ ያንን ሥራ ታትሞ አላዩትም፤ ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ ሚስዮናዊ ለብሪታንያና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) በለንደን ታተመ። እንግዲህ የ1954ቱን «የመጀመሪያው» የሚል ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ይስታል። የ1954ቱም በወጣ ጊዜ «አዲሱ» እርሱ ነበር። የአንድን መነኩሴ አሥር ዓመት ዘንግተን «የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የፈረንጅ ሥራ ነው» ስንል ደግሞ በገዛ ወገናችን ላይ ግፍ እንሠራለን። ይህን በጥብቅ ነው የምለው።

ግእዙስ? እርሱ እንኳ ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የቆየ አይደለም?

የግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ ታላቅ ሀብት ነው። ትርጉሙ ክርስትና በአክሱም ከጸናበት ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ተጀምሮ በቀጣዮቹ ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ የተካሄደ ነው፤ ትውፊታችን ከተስዓቱ ቅዱሳን ጋር ያያይዘዋል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠሩ ታውቋል። ሥዕል ያላቸው የክርስቲያን ወንጌላት ከሚባሉት በዓለም ላይ እጅግ ከቆዩት መካከል ናቸው።

«አልተነካም» የሚለው ግን አይደገፍም፤ ይህን ማለትም ግእዙን ማቃለል አይደለም። ብሉይ ኪዳኑ የተተረጎመው ከዕብራይስጥ ሳይሆን ሰብዓ ሊቃናት ከሚባለው የግሪክ ትርጉም ነው። ማለትም ግእዙ ራሱ የትርጉም ትርጉም ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ሊቃውንት ከዐረብኛ ቅጆች ጋር እያስተያዩ አርመውታል። እ.ኤ.አ. ከ1348 እስከ 1388 ጳጳስ የነበሩት አቡነ ሰላማ «መተርጉም» የተባሉት እንዲያው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የግእዝ ሐዲስ ኪዳን መጀመሪያ የታተመው ሮም ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ነው። ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር በቫቲካን አጠገብ ባለው በኢትዮጵያውያን የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የሚኖሩ መነኩሴ ነበሩ። እጃቸው የገባው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎዶሎ ነበርና አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። ነገሩን አልሸሸጉትም፤ በዚያው መጽሐፍ ላይ ለአንባቢ ገልጠው ጻፉት። ዛሬ በየትርጉሙ መቅድምና ግርጌ የምናየው ዓይነት ግልጽነት እነርሱ ዘንድ ነበረ።

አዲሶቹ ትርጉሞች ጥቅስ ቆርጠዋል የሚባለው እውነት ነው?

አንዳንድ ቁጥር ከዋናው ጽሑፍ ወጥቶ ወደ ግርጌ ወርዷል ወይም በቅንፍ ተቀምጧል፤ ይህ እውነት ነው። «ቆርጠዋል» የሚለው ፍርድ ግን ቀድሞ የሄደ ፍርድ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ያ ቁጥር ከመነሻው እዚያ ነበር ወይ የሚለው ነው።

እኛን በጣም በሚነካው እንጀምር፤ ሐዋርያት ሥራ 8፥37። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከመጠመቁ በፊት «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆነ አምናለሁ» ያለበት ቦታ ነው። በ1954ቱ ላይ አለ። በብዙ አዲስ ትርጉሞች፣ በእንግሊዝኛዎቹም ጭምር፣ ወይ በቅንፍ ነው ወይ ከ36 ቀጥሎ 38 ይመጣል። ምክንያቱ እጅግ ጥንታውያን የሆኑት የግሪክ ቅጆች ይህን ቁጥር የላቸውም፤ የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓፒረስም፣ ሲናይቲከስና ቫቲካነስ የሚባሉት የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራናዎችም። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ምስክርነት ጠቅሶታል። ስለዚህ ቃሉ እጅግ የቆየ የጥምቀት ምስክርነት ነው፤ ሉቃስ ራሱ ጽፎታል ወይስ ከጥምቀት ሥርዓት ወደ ጽሑፉ ገብቷል የሚለው ነው ጥያቄው። ጃንደረባው አምኖ መጠመቁን ግን አንድም ትርጉም አልነካውም። 38 እና 39 በሁሉም ዘንድ አሉ፤ ደስ ብሎትም መንገዱን ሄደ።

ሁለተኛው ምሳሌ ክርክሩ ምን ያህል ግራ እንደሚጋባ ያሳያል። 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ «በሰማይ የሚመሰክሩት ሦስት ናቸው፤ አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ» የሚለው በ1611ዱ የእንግሊዝኛ የኪንግ ጄምስ ትርጉም አለ። ብዙ ሰው አዲሶቹ የሥላሴን ጥቅስ አወጡ ብሎ የሚቆጣው በዚህ ነው። ነገር ግን የምንወደውን የ1954ቱን ገልጣችሁ እዩ፤ እዚያም የለም! የሚመሰክሩት መንፈሱ፣ ውኃውና ደሙ ናቸው፤ በዚህ ያበቃል። ሐረጉ በላቲን ትውፊት ውስጥ ያደገ ነው። በጥንታውያን የግሪክ ቅጆች የለም፤ በጥንታውያን የግእዝ፣ የሱርስጥና የቅብጥ ቅጆችም የለም። የግሪኩን ሐዲስ ኪዳን ለኅትመት ያበቃው ሊቅ ኤራስመስ በ1516 እና በ1519 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የግሪክ ሐዲስ ኪዳን አላስገባውም ነበር፤ ያስገባው ከብዙ ወቀሳ በኋላ በ1522 ነው። ምሥጢረ ሥላሴ በአንድ ሐረግ ላይ አልተመሠረተም፤ በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም ወልድን ፍጡር ያለውን አርዮስን ሲረቱ ይህን ጥቅስ አላነሡም።

የማርቆስ 16፥9 እስከ 20፣ የዮሐንስ 7፥53 እስከ 8፥11ም በዚሁ ዓይነት የሚነሡ ናቸው። አዲሶቹ ትርጉሞች በአብዛኛው ምልክት አድርገው አትመዋቸዋል እንጂ አላስቀሯቸውም።

ሮሜ 8፥34 ላይ «የሚማልደው» ነው ወይስ «የሚፈርደው»?

በአገራችን ከዚህ የበለጠ ያከራከረ ጥቅስ የለም። የ1954ቱ «ስለ እኛ የሚማልደው» ሲል የሰማንያ አሐዱ እትም «ስለ እኛ የሚፈርደው» ይላል። ሁለቱም ወገን ሌላውን «አጣመመ» ይላል።

በግሪኩ የቆመው ግስ በአንድ ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ ስለ ሰው መናገርን፣ ጉዳይ ማቅረብን ያመለክታል። ያው ግስ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 27 ላይ ስለ መንፈስ ቅዱስ፣ በዕብራውያን 7፥25 ደግሞ ስለ ክርስቶስ ተነግሯል። በሮሜ 11፥2 ኤልያስ በእስራኤል ላይ ለእግዚአብሔር ያሰማውን ክስም ይገልጻል። ስለዚህ በቃሉ ብቻ ከሄድን «የሚማልደው» ለግሪኩ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ፤ የኦርቶዶክስም የካቶሊክም የሆኑ የሌላ አገር ትርጉሞች በዚህ መንገድ ነው የሄዱት።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን የኦርቶዶክሱን ወገን ስጋት በቅንነት መስማት ይገባል። የሚፈሩት አንባቢው ወልድን ከአብ በታች ቆሞ የሚለምን አድርጎ እንዳይረዳው ነው። በአብ ቀኝ የተቀመጠው ፈራጅ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያኒቱ በጸሎተ ሃይማኖት ትናገራለች። ይህ ስጋት ከአርዮስ ጋር ከተደረገው ተጋድሎ የመጣ እንጂ ጥቅስ ለመለወጥ ከመፈለግ የመጣ አይደለም። የወንጌላውያኑም ወገን ቢሆን ምልጃ ሲል የመስቀሉን መሥዋዕት ዘላለማዊ ዋጋ ማለቱ እንጂ ወልድን ማሳነሱ አይደለም። ሁለቱ ተቀምጠው ዕብራውያን ምዕራፍ 7ን በሙሉ ቢያነቡ ከአንድ ቃል ጦርነት የተሻለ ይጠቅማቸዋል። ግእዙን የሚያውቅ ሊቅ አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ጥቅሱን በግእዝ አስነብባችሁ አስተርጉሙት።

የመዝሙር ቁጥር ለምን አይገጥምም?

ሰብዓ ሊቃናትና ግእዙ መዝሙር 9ን እና 10ን አንድ አድርገው ስለሚቆጥሩ ነው። ስለዚህ አብዛኛው መዝሙር በዳዊታችን ላይ በአንድ ያንሳል፤ «አቤቱ ማረኝ» በዳዊት 50 ሲሆን በ1954ቱ 51 ነው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውም በአንዱ መዝሙር 67፣ በሌላው 68 ላይ ይገኛል።

ይህን ጥቅስ ካነሣን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆች አንዳንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ገልጠው «ኢትዮጵያ የት ሄደች?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ኩሽ» የሚል ነውና የሚያገኙት። ማንም አላወጣትም። ዕብራይስጡ ኩሽ ይላል፤ የግሪኩ ተርጓሚዎች ኢትዮጵያ ብለው መለሱት፤ ግእዙና አማርኛው ግሪኩን ተከተሉ። ልጁ ሁለቱን ሲያስተያይ ታሪክ ይማርበታል፤ አትቆጡት።

66 ነው ወይስ 81?

ይህ የትርጉም ጥያቄ አይደለም፤ የቀኖና ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 46 የብሉይ፣ 35 የሐዲስ ብላ 81 ትቆጥራለች፤ ሄኖክ፣ ኩፋሌና መቃብያን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ፕሮቴስታንቶች ብሉይ ኪዳንን በዕብራውያኑ ቁጥር ስለሚወስኑ 66 ይላሉ። የአቡ ሩሚን ትርጉም ያሳተመው የለንደኑ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1826 ከዕብራውያኑ ቁጥር ውጭ ያሉትን መጻሕፍት ለማሳተም ገንዘብ እንዳይወጣ ወስኖ ነበር። ስለዚህ በኅትመት የተለመደው የአማርኛ መጽሐፍ 66 መሆኑ ተርጓሚዎቹ ደብቀው የሠሩት ነገር ሳይሆን የአሳታሚው ግልጽ ውሳኔ ነው። የ1611ዱ ኪንግ ጄምስ እንኳ መጀመሪያ ሲታተም ተጨማሪዎቹን መጻሕፍት ይዞ ነበር።

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በሙት ባሕር ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ የዓለም ሊቃውንት የእኛን ብራናዎች አጠገባቸው አድርገው ነው ያነበቧቸው። 66 የሚቀበል ወንጌላዊም ቢሆን ይህን ሀብት ሊያከብረው ይገባል፤ የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 የሚጠቅሰው ሄኖክን ነውና።

በዘፍጥረት 5 ላይ የዘመን ቁጥር ይለያያል፤ የትኛውን ልመን?

ዕብራይስጡ አዳም ሴትን የወለደው በ130 ዓመቱ ነው ሲል ሰብዓ ሊቃናት በ230 ይላል። ልዩነቱ በየትውልዱ ሲደመር ብዙ መቶ ዓመታት ይሆናል። «አምስት ቀን ተኩል» (አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ) ብለን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን የምንቆጥረው ከሰብዓ ሊቃናት ቁጥር ጋር ስለሚሄድ ነው። የትኛው ቀድሞ እንደ ተጻፈ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ለድኅነት ግን የሚለውጠው ነገር የለም።

የግርጌ ማስታወሻ ሳነብ እምነቴ ይናወጣል፤ «ሌሎች ቅጆች እንዲህ ይላሉ» ሲል ልቤ ይከፈላል። ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ቅን ናቸው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በእኛ አገር የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት መምህሩ ግእዙን ያነባል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ይተረጉማል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍቺ ያመጣል። ይህ ነው አንድምታ። ያ ብቻ አይደለም፤ ቅጆች በሚለያዩበት ቦታ ሊቃውንቱ «አብነት» ብለው ሌላውንም ንባብ ያነሡታል፤ እርሱንም ይተረጉሙታል። ደቀ መዝሙሩ ሁለቱንም ንባብ በቃሉ ይዞ ይወጣል። ማንም «ቃሉ ተበላሸ» ብሎ አላለቀሰም። የብራና ጸሐፊ ሰው ነው፣ ዓይኑ መስመር ይስታል፣ የእግዚአብሔር ቃል ግን በአንድ ጸሐፊ እጅ ላይ አልተንጠለጠለም ብለው ያምኑ ነበር።

እንግዲህ የግርጌ ማስታወሻው ከውጭ የመጣ ጥርጣሬ አይደለም። ባለ ነጠላው፣ ባለ ጥምጣሙ መምህር በቃል ያደርገው የነበረ ነው፤ አሁን በጥቃቅን ፊደል ከገጹ ሥር ገባ። እኔ ለአዲስ አማኝ ከማስታወሻ ጋር ያለውን እትም እመርጥለታለሁ። ልዩነት መኖሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይሰማ ከተቃዋሚ ቪዲዮ ላይ የሰማ ወጣት ነው ብዙ ጊዜ የሚናወጠው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ ነው?

አይደለም፣ ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሄሮኒሞስ ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን አዲስ በተረጎመ ጊዜ፣ በሰሜን አፍሪካ በዛሬይቱ ትሪፖሊ አንድ ጳጳስ ትንቢተ ዮናስን ከአዲሱ አስነበበ። ዮናስን ያስጠለለችው ተክል ምእመናኑ ሲሰሙት የኖሩት ቅል ነበረች፤ በእኛም በ1954ቱ ቅል ናት። በሄሮኒሞስ አዲስ ትርጉም ግን ሌላ የሐረግ ዓይነት ሆነች። ሕዝቡ ታወከ፤ ጳጳሱ ሰው ጥሎት እንዳይሄድ ፈርቶ አስተካከለው። ይህን አውግስጢኖስ ራሱ ለሄሮኒሞስ በደብዳቤ ጽፎለታል። ያ የተናቀው አዲስ ትርጉም ከጊዜ በኋላ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ዋና መጽሐፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1546 በትሬንት ጉባኤ የታመነ ተብሎ ጸደቀ፤ በሌላ ዘመን ደግሞ እርሱን ራሱን መንካት እንደ ድፍረት ተቆጠረ። ካቶሊኮች ከ1943 (እ.ኤ.አ.) የሮም ጳጳስ መልእክት ወዲህ ከዕብራይስጡና ከግሪኩ እንዲተረጉሙ ተበረታተዋል።

የኪንግ ጄምስ ትርጉምም እንዲሁ ነው። በ1611 ሲወጣ ሂዩ ብሮውተን የሚባል የዕብራይስጥ ሊቅ ይህን ትርጉም ከምቀበል በፈረስ ብበጣጠስ ይሻለኛል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ከእርሱ ሌላ መጽሐፍ ቅዱስ የለም የሚሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ይህ አስተሳሰብ በዚያ ባሉ አንዳንድ ወገኖቻችንም ዘንድ ገብቷል። ለእነዚህ ወገኖች የምለው ይህ ነው፦ ተርጓሚዎቹ ራሳቸው በኅዳጉ ላይ ሌላ ንባብ ጽፈዋል፣ በመቅድማቸውም ትርጉም መታረም እንዳለበት ተከራክረዋል።

ታዲያ አዲስ የሆነ ሁሉ ይቀበሉታል?

የለም። አንድ ቡድን ብቻውን ለራሱ ትምህርት ሲል የተረጎመውን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። የይሖዋ ምሥክሮች «አዲስ ዓለም ትርጉም» በኦርቶዶክስም፣ በካቶሊክም፣ በወንጌላውያንም ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ ዋናው ምክንያት በዮሐንስ 1፥1 እና በመሰል ቦታዎች የክርስቶስን አምላክነት የሚነካ አተረጓጎም ስላለው ነው። መቅድሙን አንብቡ፤ ተርጓሚዎቹ ከየት እንደ ተውጣጡና ምን ጽሑፍ እንደ ተከተሉ ካልተናገረ መጽሐፉን መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።

ለማን የትኛውን ልግዛ?

በቃል ለማጥናት፣ በጉባኤ ለማንበብ፣ የቆዩ ስብከቶችንና መዝሙሮችን ለመከተል የ1954ቱ ወይም ቤተ ክርስቲያናችሁ የምታነበው እትም ይሁን። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ፣ ወይም በውጭ አገር ተወልዶ ፊደል ገና ለሚቆጥር ልጅ የ1997ቱ ይቀልለዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። በዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ በስልኳ የምታነብ እኅት አንዱን ጭና ስታበቃ ሌላውንም በነጻ ልትጭን ትችላለች፤ የከበዳትን ቁጥር ከሁለቱ ታስተያየው። ኦርቶዶክስ ለሆነ ሰው ሰማንያ አሐዱን ከአንድምታ ወንጌል ጋር እመክራለሁ። ለማጥናት የሚፈልግ ማንም ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ይኑረው፤ አንዱ ቃል በቃል የሚሄድ፣ አንዱ ሐሳቡን የሚገልጥ።

በቃሌ የያዝኩት የድሮውን ነው፤ አዲሱን ስሰማ እንደ ስሕተት ይሰማኛል።

አይፈረድባችሁም፤ ልብ በለመደው ቃል ይጸልያል። መዝሙር 23፥1 በ1954ቱ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» ነው፤ በአዲሱ መደበኛ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፤ አንዳች አይጐድልብኝም»። በሐዘን ቤት፣ በሕመም አልጋ አጠገብ ለእናታችሁ ስታነቡ የመጀመሪያውን አንብቡላት፤ ከእናንተ ጋር አብራ ትላለች። ልጃችሁ «የሚያሳጣኝም» ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ከጠየቃችሁ ሁለተኛውን አሳዩት፤ ሲገባው ወደ መጀመሪያው መልሱትና ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስነብቡት።